አውሎ ነፋስ ሲቃረብ ቤታችንን ስናዘጋጅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከባድ አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው ሲባል የሁላችንም ሐሳብ ነፋሱ ላይ ነው። የሚያፏጨው፣ ዛፍ የሚገነድሰው፣ ቆርቆሮ የሚገነጥለው እሱ ነውና። ሰው በብዛት የሚሞተው ግን በውሃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 2012 ድረስ በአሜሪካ በሃሪኬን (እዚያ ከባድ አውሎ ነፋስ የሚጠራበት ስም ነው) በቀጥታ ከሞቱት ሰዎች፣ ከ10ሩ 9ኙን ያህል የገደላቸው ውሃ ነበር። ነፋሱ ጸጥ ካለ በኋላም በጄኔሬተር ጭስ፣ በተበጠሰ ሽቦ፣ ከጣሪያ በመውደቅ የሚሞተው ቁጥር ቀላል አይደለም።

ይህን የምጽፈው አንድ ነገር ስለሚቆጨኝ ነው። ዛሬ አውሎ ነፋስ ቀናት ቀድሞ ይታወቃል። ሰው ይሰማል፣ ይሯሯጣል፣ ይደክማል። ግን ያ ሁሉ ልፋት ብዙ ጊዜ በማይጠቅመው ነገር ላይ ያልቃል።

«ደረጃ 1 ነው፣ ቀላል ነው» ብሎ መቀመጥ

ሃሪኬኖች ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣቸዋል። ደረጃ 1 የሚጀምረው በሰዓት ከ119 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ደረጃ 5 ደግሞ 252 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ይህ ደረጃ የሚለካው የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ነው። ስንት ሚሊ ሜትር ዝናብ እንደሚጥል አይናገርም። ባሕሩ ተገፍቶ ስንት ሜትር ከፍ ብሎ ወደ የብስ እንደሚወጣም አይናገርም።

እ.ኤ.አ. በ2018 ፍሎረንስ የተባለችው ሃሪኬን አሜሪካ ውስጥ ሰሜን ካሮላይና ስትደርስ ደረጃዋ 1 ብቻ ነበር። ግን ቀስ ብላ ስለተጓዘች አንዳንድ ቦታ ከ900 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ጥላ ወንዞችን አጥለቀለቀች። በ2005 ሃሪኬን ካትሪና የአሜሪካዋን ሉዊዚያና ስትመታ ከደረጃ 5 ወደ 3 ወርዳ ነበር። ባሕር ላይ ሳለች የገፋችው ውሃ ግን አብሯት አልቀነሰም። የኒው ኦርሊንስን የጎርፍ መከላከያ ግንቦች የጣሳቸው እሱ ነው፤ ከሺህ በላይ ሰው ሞተ።

በ2013 ሃይያን የተባለው አውሎ ነፋስ ፊሊፒንስን ሲመታ የሆነው የበለጠ ያሳዝናል። ማስጠንቀቂያው ተነግሯል። ባሕሩ ወደ ከተማ እንደሚወጣም ተነግሯል። ግን የተጠቀሙበት ቃል ሙያዊ ስለነበር ብዙ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አልገባውም። ከ6,000 በላይ ሰው አለቀ። ከተረፉት ብዙዎቹ «ሱናሚ መሰል ውሃ ይመጣል ቢሉን ኖሮ እንሸሽ ነበር» ብለዋል።

ስለዚህ ትንበያ ስትሰሙ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ደረጃው ስንት ነው?» ሳይሆን «ውሃው እኛ ቤት ይደርሳል ወይ?» የሚለውን ይሁን። ያልገባችሁ ቃል ካለ ሳታፍሩ ጠይቁ።

ካርታው ላይ ያለውን መስመር እንደ አጥር ማየት

ትንበያ ሲሰጥ ካርታ ላይ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ ቅርጽ ይታያል። ብዙ ሰው ከዚያ ቅርጽ ውጭ ከሆነ «ተረፍን» ይላል። ቅርጹ የሚያሳየው የአውሎ ነፋሱ መሐል በየት በኩል ሊያልፍ እንደሚችል ብቻ ነው። ነፋሱና ዝናቡ ከመሐሉ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ይደርሳል። መሐሉ ራሱም ከ3 ጊዜ አንዱን ያህል ከቅርጹ ይወጣል። ከጠርዙ ጥቂት ራቅ ያለ ሰው ልክ መሐል ላይ እንዳለ ሰው መዘጋጀት አለበት።

ለመውጣት እስከ መጨረሻው ሰዓት መጠበቅ

በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው።

የአደጋ ሠራተኞች የሚሠሩበት ቀላል መመሪያ አለ፤ ከውሃ ይሸሻል፣ ከነፋስ ይደበቃል። ቤታችሁ ዝቅተኛ ቦታ፣ ባሕር ዳርቻ ወይም ወንዝ ዳር ከሆነ፣ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን መውጣት አለባችሁ። ቤታችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከሆነና በደንብ ከተሠራ ደግሞ፣ መንገድ ላይ ከመንከራተት ቤት መቀመጡ ይሻላል። ይህን ውሳኔ ሰማዩ ገና ጥርት ብሎ ሳለ ወስኑት። ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ባልና ሚስት «እንሂድ፣ አንሂድ» እያሉ ሲከራከሩ መንገዱ ይዘጋል።

ሰው ለምን ይዘገያል? አንዳንዱ ዕቃው እንዳይሰረቅ ይፈራል። አንዳንዱ «ያለፈው ጊዜ ወጥተን ምንም አልሆነም» ይላል። አንዳንዱ መኪናውን ያምናል። መኪናውን ለሚያምነው እነዚህን ቁጥሮች ልንገረው። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ ትልቅ ሰው ይጥላል። 30 ሴንቲ ሜትር ብዙዎቹን ትናንሽ መኪኖች ያንሳፍፋል። 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ጠርጎ ይወስዳል። ማታ ደግሞ ከውሃው ሥር መንገዱ ይኑር ወይም ተቦርቡሮ ይሂድ አይታይም። ስለዚህ ውጡ ሲባል በቀን ብርሃን፣ ነዳጅ ሞልታችሁ፣ ቀድማችሁ ውጡ።

የቤተሰቡ አባላት ብትለያዩ የት እንደምትገናኙ ተነጋገሩ። ከአካባቢው ርቆ የሚኖር አንድ ዘመድ ምረጡና ሁላችሁም ደህንነታችሁን ለእሱ አሳውቁ። ኔትወርክ ሲጨናነቅ ጥሪ እምቢ ብሎ አጭር የጽሑፍ መልእክት ሊያልፍ ይችላል። ቁጥሩን ወረቀት ላይም ጻፉት፤ ስልኩ ሲጠፋ በቃል የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

ውሃው ድንገት ገብቶ መውጫ ካጣችሁ ደግሞ ወደ ላይ ውጡ፤ ነገር ግን መስኮት ወይም መክፈቻ የሌለው ኮርኒስ ውስጥ አትግቡ። በካትሪና ጊዜ ውሃው ተከትሏቸው ሲመጣ ጣሪያውን መስበር አቅቷቸው እዚያው የቀሩ ሰዎች ነበሩ።

መስኮት ላይ ስኮች መለጠፍ

በየቦታው ይታያል። መስታወቱ ላይ በስኮች ትልቅ መስቀል ይሠራል፤ ሰውም የተዘጋጀ ይመስለዋል። ስኮች መስታወቱን አያጠነክረውም። ሲሰበር ፍርስራሹን አያይዞ ትልልቅና ስለታም ስባሪ አድርጎ ይወረውረዋል። ያን ጊዜ ኮምፔንሳቶ በማዘጋጀት ብታሳልፉት ይሻላል። ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን፣ በመስኮቱ ልክ ተቆርጦ፣ በብሎን ክፈፉ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ቢታሰር ጥሩ ነው። ቆርጣችሁ፣ የየትኛው መስኮት እንደሆነ ጽፋችሁበት ካስቀመጣችሁት ለሚቀጥለውም ጊዜ ይሆናል።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። «ግፊቱ እንዲመጣጠን» እያሉ መስኮት ከፍቶ መተው። ይህ ፍጹም ስህተት ነው። ነፋስ ከገባ በኋላ መውጫ ሲፈልግ ጣሪያውን ከውስጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁሉንም መስኮት ዝጉ። የውስጥ በሮችንም ዝጉ፤ አንዱ መስኮት ቢሰበር እንኳ ግፊቱ በዚያው ክፍል ይወሰናል።

ግቢውንም አትርሱ። ወንበር፣ የአበባ ማሰሮ፣ የልብስ ማስጫ፣ የልጆች ብስክሌት፣ የተበተነ እንጨት ሁሉ ይግባ። የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚገፋበት ኃይል 4 እጥፍ ይሆናል። በተራ ቀን ንቅንቅ የማይል ዕቃ ያን ዕለት የጎረቤትን መስኮት ሰብሮ ይገባል። አሸንዳና የፍሳሽ መውረጃ ጥረጉ። ዛፍ ለመቁረጥ ግን ነፋሱ ከጀመረ በኋላ እንዳትወጡ።

ምግብ ከምሮ ውሃ መርሳት

ሱቅ የሚራቆተው በምግቡ ነው፤ ቀድሞ የሚቸግረው ግን የሚጠጣ ውሃ ነው። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል አስቡ፣ ቢያንስ ለ3 ቀን። 5 ሰው ላለበት ቤት 60 ሊትር ማለት ነው። ቦታ ካላችሁ ለ2 ሳምንት ብታደርጉት እመርጣለሁ። በንጹሕ ጀሪካን፣ ክዳኑ ገጥሞ ይቀመጥ። ለሽንት ቤትና ለዕቃ ማጠቢያ የሚሆነውን በባልዲና በገንዳ ለብቻ ያዙ።

የምትጠራጠሩትን ውሃ ማፍላት ከሁሉም ይሻላል። ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ ይቆይ። ማፍላት ካልተቻለ ሽታ ያልተጨመረበት ተራ በረኪና ይረዳል። ጥንካሬው ከ5 እስከ 6 በመቶ ከሆነ በ1 ሊትር 2 ጠብታ ጨምራችሁ፣ አማስላችሁ፣ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የገባበት ውሃ ግን በማፍላትም በበረኪናም አይድንም። አትጠጡት።

ስለ ፍሪጅ ደግሞ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። መብራት ከመሄዱ በፊት አንድ ኩባያ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡና በረዶ ሲሆን ከላዩ ሳንቲም አኑሩበት። ከቤት ወጥታችሁ ስትመለሱ ሳንቲሙ ወደ ታች ከሰመጠ፣ በረዶው ቀልጦ ነበር ማለት ነው። ምግቡ አሁን ደርቆ ቢታይም አይበላም። ሳይከፈት ከቆየ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል፤ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሹ ብቻ የሞላ 24 ሰዓት።

ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮችን ለመጨረሻ መተው

መድኃኒት ዋናው ነው። በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ያለው ሰው ቢያንስ የአንድ ሳምንት በእጁ ይኑር። ኢንሱሊን የሚጠቀም ቀዝቃዛ ማቆያ ያስፈልገዋል። በኤሌክትሪክ በሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ የሚተነፍስ ሰው ካለ፣ መብራት እስኪሄድ ሳትጠብቁ ወደ ሕክምና ቦታ ወይም መብራት ወዳለበት ቤት ውሰዱት።

ስልኩን፣ ፓወር ባንኩን ቻርጅ አድርጉ። ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ መብራት ሲጠፋ የገንዘብ ማሽንም ይጠፋል። በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ይኑራችሁ። መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የቤት ካርታ ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ይግባ፤ ፎቶውንም አንስታችሁ ለአንድ ዘመድ ላኩ። ከሻማ ይልቅ የእጅ ባትሪ። ጨለማና ድንጋጤ ባለበት ቤት ሻማ በቀላሉ ይወድቃል፣ እሳት አደጋም በዚያ ሰዓት መድረስ አይችልም።

ጄኔሬተርና ከሰል ወደ ቤት ማስገባት

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሃሪኬን ላውራ ሉዊዚያናን ከመታች በኋላ፣ ቀላል የማይባል ቁጥር ያላቸው ሰዎች የሞቱት በጄኔሬተር ጭስ ተመርዘው ነው። አውሎ ነፋሱን ተርፈው፣ ቤታቸው ቆሞ፣ መብራት ለማግኘት ሲሉ።

ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አይታይም፣ አይሸትም። ጄኔሬተር ጋራዥ ውስጥ፣ በረንዳ ላይ፣ መስኮት ሥር አይቀመጥም። መስኮት ከፈት ማድረግ አይበቃም። ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ ጭሱ የሚወጣበት ወገንም ወደ ቤት አይዙር። ከሰልም ቤት ውስጥ አይነድድም፣ ለማብሰልም ለመሞቅም። ቤት ውስጥ ያላችሁት ሰዎች አንድ ላይ ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ካዞራችሁ፣ ካቅለሸለሻችሁ፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ።

ጄኔሬተሩን የግድግዳ ሶኬት ላይ ሰክቶ ቤቱን ሁሉ ማብራትም ክልክል ነው። ኃይሉ ወደ መንገዱ መስመር ተመልሶ ይሄዳል፤ ሽቦው ሞቷል ብሎ የሚጠግነውን ሠራተኛ ይገድለዋል።

ጸጥ ሲል አበቃ ብሎ መውጣት

የትልቅ አውሎ ነፋስ መሐል፣ ዓይኑ የሚባለው፣ በላያችሁ ሲያልፍ ነፋሱ ይቆማል። ሰማይም ሊገለጥ ይችላል። ልጆች ይወጣሉ፣ አባት ጣሪያውን ለማየት መሰላል ይዞ ይወጣል። ከዚያ ነፋሱ ከተቃራኒው አቅጣጫ በሙሉ ኃይሉ ይመለሳል። ማለፉ በሬዲዮ እስኪነገር ድረስ መስኮት በሌለው የውስጠኛው ክፍል ቆዩ።

በማግስቱ መቸኮል

የወደቀ ሽቦ ሁሉ ኃይል አለው ብላችሁ ቁጠሩት፤ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ። የጎርፍ ውሃ ውስጥ በባዶ እግር አትግቡ። ፍሳሽ አለበት፣ ስባሪ አለበት፣ አንዳንዴም እባብ አለበት። ውሃ ላይ ቆማችሁ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ። ውሃ የነካውን ዕቃ ባለሙያ ሳያየው አትሰኩት።

ከማጽዳታችሁ በፊት እያንዳንዱን ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበትን ምልክት ጭምር፣ ፎቶ አንሱ። ጣሪያውን በተመለከተ ደግሞ፣ እርጥብና ልምላሜ ያበቀለ እንጨትና ቆርቆሮ ያንሸራትታል፤ ደክሞት፣ እንቅልፍ አጥቶ ላለ ሰው ደግሞ ይብሳል። ጣሪያው እያፈሰሰ ዝናቡ ካላቆመ ከሥር ባልዲ አስቀምጡ፤ እስኪደርቅና መሰላል የሚይዝላችሁ ሁለተኛ ሰው እስኪመጣ ድረስ ጣሪያ ላይ አትውጡ።