የተሰነጠቀ ጭስ ማውጫ በአዲስ የብረት ቱቦ እንዴት እንደሚታደስ

ሜሪላንድ የገዛነው ቤት የጡብ ጭስ ማውጫው ከውጭ ሲታይ እንከን አልነበረውም። የመጀመሪያው ብርድ ገብቶ የማገዶ ምድጃውን አመድ ስዝቅ ግን ጥፍር የሚያካክሉ የሸክላ ስባሪዎች አገኘሁ፤ በአንድ ጎናቸው ጥቀርሻ ጠቁሮባቸዋል፣ ስብራታቸው ግን ገና ቀይ ነው። ለካ ጡቡ ልባስ ነው። ጭሱን የሚያወጣው ውስጡ የተደረደረው የሸክላ ቱቦ ነው፤ የሚፈርሰውም እሱ ነበር።

በስንጥቅ የገባ ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ እያበጠ ሸክላውን ይፈለቅቀዋል። የተጠራቀመ ጥቀርሻ እሳት ከያዘማ ቱቦው ባንዴ ይሰነጠቃል። ከዚያ ሙቀቱ ግድግዳ ውስጥ ወዳለው እንጨት፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ወደ መኝታ ቤት መንገድ ያገኛል። አገር ቤት በር ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙትን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ስለዚህ ስባሪ ካዩ፣ እስኪጠገን ድረስ እሳት አያንድዱ።

ጥገናው በአሮጌው ቱቦ ውስጥ አዲስ የብረት ቱቦ ማውረድ ነው። መጀመሪያ አሮጌው ቱቦ በደንብ ይጠረግ፤ ከአዲሱ ቱቦ ጀርባ የቀረ ጥቀርሻ ሁለተኛ አይደረስበትም። ቀጥሎ ባለሙያ ካሜራ ያስገባበት። የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር ቁጥር 211 መመሪያ ምርመራው በየዓመቱ እንዲደረግ ይላል፤ ቤት ሲሸጥ፣ ምድጃ ሲቀየር ወይም ቱቦው ውስጥ እሳት ተነስቶ ከነበረ ደግሞ ጠለቅ ያለውን ሁለተኛ ደረጃ ምርመራ ይጠይቃል። ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነም የአካባቢዎን የግንባታ ቢሮ ይጠይቁ።

ቀጥሎ ልክ መውሰድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የአዲሱን ቱቦ ስፋት የሚወስነው የምድጃው አንገት፣ ማለትም ጭሱ ከምድጃው የሚወጣበት ቀዳዳ ነው። አንገቱ 6 ኢንች ከሆነ 6 ኢንች ይግዙ። ሰፋ ቢል ይሻላል የሚሉ አሉ፤ አይሻልም። በሰፊ ቱቦ ውስጥ ጭሱ ቀስ ይላል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደ ሬንጅ ሆኖ ይለጠፋል፤ እሳት የሚይዘውም ያ ነው። ለማገዶ 316 የሚባለውን የማይዝግ ብረት ይምረጡ፤ ዩ.ኤል. 1777 የሚል ምልክት (የጭስ ማውጫ ቱቦ የደህንነት መመዘኛ ነው) ይኑረው። አሉሚኒየም ለአንዳንድ የጋዝ መሣሪያዎች ብቻ ስለሆነ ርካሽነቱ አያታልልዎት።

ዙሪያውን የሚለበሰውን ግማሽ ኢንች የሴራሚክ መጠቅለያ በፍጹም አይተዉ። ጭሱን ሞቆ እንዲወጣ ያደርገዋል፣ በግድግዳው ውስጥ ያለውንም እንጨት ከሙቀት ይጠብቃል። ታዲያ መጠቅለያው በስፋቱ ላይ 1 ኢንች ይጨምራል። 8 በ 8 የሚባለው የሸክላ ቱቦ ውስጡ ወደ 7 ኢንች ስለሆነ የተጠቀለለው 6 ኢንች አያልፍም፤ አሮጌው ሸክላ ተሰብሮ መውጣት አለበት። ይህን ለባለሙያ ይተዉት፤ የእኛም ቤት እንዲሁ ነው የተሠራው።

ማውረዱ ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ቱቦውን መሬት ላይ ዘርግታችሁ በሴራሚኩ ጠቅልሉት፣ ከላዩ የሽቦ መረቡን አልብሱት። ቱቦው ላይ ቀስት ካለ አቅጣጫውን እዩ። ጫፉ ላይ ገመድ ያለው ሾጣጣ መሪ አስራችሁ ገመዱን ወደ ታች ልቀቁ፤ አንዱ ከጣሪያ እየገፋ ሌላው ከታች ቀስ ብሎ ይሳብ። ከያዘ አታስገድዱት፤ መለስ አድርጎ ትንሽ ማዞር ይበቃል። ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለሆነ ወፍራም ጓንት አይለያችሁ። ጣሪያው በጣም ቁልቁል ከሆነ ወይም ከረጠበ ሥራውን ለባለሙያ ስጡ።

ከታች ቱቦውን ከምድጃው አንገት ጋር በማያያዣውና በብሎን እሰሩት። ዙሪያውን የቀረውን ክፍተት በብረት ሉህ ዝጉት፤ አለዚያ የቤቱ ሙቀት በዚያ ይሸሻል። ከላይ የጭስ ማውጫውን አፍ የሚከድነውን የብረት ሳህን ሙቀት በሚችል ሲሊኮን አጣብቁ፣ ቱቦውን በማሰሪያ አጥብቁ፣ ዝናብ የሚከለክለውን ቆብ ድፉበት። የጭስ ማውጫው ጫፍ ጣሪያውን ከሚበሳበት ቦታ ቢያንስ 3 ጫማ፣ በ10 ጫማ ውስጥ ካለው ሁሉ ደግሞ 2 ጫማ ከፍ ይበል።

መርማሪው አይቶ ካጸደቀ በኋላ የመጀመሪያው እሳት ትንሽ ይሁን። ከመኝታ ቤቱ አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ስቀሉ። በዓመቱ ሲጠረግ ብሩሹ የፕላስቲክ ይሁን፤ የብረት ብሩሽ አዲሱን ቱቦ ይቧጭረዋል።