«ተነሥ፣ ሩጥ፣ ሲጋራውንም ተው»፦ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ሲረዱ የሚሠሩ ስህተቶች

ወንድሜ ስኪዞፍሬንያ (ሰውን ከእውነታው የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም) አለበት። ለዓመታት በቀን ሁለት ፓኬት ሲጋራ ያጨስ ነበር። ጠዋት ዓይኑን በደንብ ሳይገልጥ እጁ ትራሱ ሥር ገብቶ ፓኬቱን ይዳብሳል። አሁን ትቷል። የተወው ግን በሦስተኛው ሙከራ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያበላሸነው እኛ ቤተሰቦቹ ነን፣ በተለይ እኔ። እዚህ የምጽፋቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

«ያቺን አንዷን ደስታውን አትንኩበት» ማለት

ይሄን ዘመድም ይለዋል፣ አንዳንዴ የጤና ባለሙያም ይለዋል። ከርኅራኄ የመጣ ይመስላል። ግን ስኪዞፍሬንያና ባይፖላርን (ስሜትን ከከፍታ ወደ ድባቴ የሚያመላልሰውን ሕመም) የመሰሉ ከባድ ሕመሞች ያሉባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ፤ አብዛኞቹን የሚገድላቸውም የአእምሮ ሕመሙ ሳይሆን እንደ ልብና ሳንባ በሽታ ያለ የሰውነት ሕመም ነው። እዚያ ውስጥ ሲጋራ ትልቅ እጅ አለበት።

«ግን እኮ ያረጋጋዋል» ትሉኝ ይሆናል። የሚያረጋጋው ራሱ ያመጣውን ሐራራ ነው። ደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይወርዳል። ያኔ ሰውየው ይቁነጠነጣል፣ ይነጫነጫል፣ ሐሳቡ ይበተናል። አንድ ሲለኩስ ይበርድለታል፣ እኛ ደግሞ «አያችሁ፣ መድኃኒቱ እኮ ነው» እንላለን። ካቆሙ ሳምንታት ያለፏቸውን ሰዎች የተከታተሉ ጥናቶች ግን ጭንቀታቸውና ድባቴያቸው ማጨስ ከቀጠሉት ይልቅ እንደቀነሰ ነው ያሳዩት፤ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውም ላይ ጭምር።

ስፖርትን ቅጣት ማድረግ

በመጀመሪያው ሙከራ የሩጫ ጫማ ገዛሁለት። ጎህ ሲቀድ ቀሰቀስኩት። ግማሽ ሰዓት ሶምሶማ። ሁለት ቀን ወጣ፣ በሦስተኛው ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ሳበ። «ሰነፍ» አልኩት። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ስንፍና አልነበረም። ተነሣሽነት ማጣት የስኪዞፍሬንያ አንዱ ምልክት ነው። ላይ ላዩን ግድ የለሽነት ይመስላል እንጂ ሰውየው እየፈለገ እንኳን መነሣት ያቅተዋል። ማታ የዋጠው መድኃኒት ደግሞ ጠዋት ላይ ሰውነቱን እርጥብ ጆንያ ያደርገዋል። ስለዚህ ሰዓቱን ወደ ረፋድ ገፋነው፣ ድካሙ ለቀቅ የሚያደርገው ያኔ ስለሆነ።

«ስፖርት» የምትለዋንም ቃል ጣልናት። «እስቲ እስከ መታጠፊያው ሸኘኝ» ማለት ጀመርኩ። ሸኘኝ ሲባል እምቢ አይልም። መሄጃው 5 ደቂቃ፣ መመለሻው 5 ደቂቃ። ያ የሩጫ ጫማ እስካሁን አዲስ ነው፤ የምንሄደው በነጠላ ጫማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንደሚመክር አውቃለሁ፣ ይሄን ቁጥር በመጀመሪያው ቀን አውጥታችሁ ግን አትንገሩት።

እንቅስቃሴውን ከሐራራው ሰዓት መነጠል

ብዙ ሰው «ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ» ብሎ ፕሮግራም ያወጣል። ለልብ ጥሩ ነው። ሐራራ ግን ሰኞ ረቡዕ አያውቅም። የ10 ወይም የ15 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ሐራራን የሚቀንሰው በጉዞው ላይ እያሉና ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ነው። ስለዚህ ጉዞው መግባት ያለበት ሲጋራው ይገባበት በነበረው ቀዳዳ ነው። ወንድሜን ሳየው፣ ምሳ በልቶ እጁን እንደታጠበ መዳፉ ወደ ደረት ኪሱ ይሄዳል። ኪሱ ባዶ ቢሆንም ይሄዳል። «ሸኘኝ» የምለው ያኔ ነው። ከቤት መውጣት ካልፈለገ ኮሪደሩን እንመላለሳለን፣ ደረጃም እንወጣለን፣ ምንም ይሁን።

በእግር ጉዞ ብቻ ያቆማል ብሎ ማሰብ

እኔ የእግር ጉዞ ወዳጅ ነኝ፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ እንቅስቃሴ ብቻውን ሰውን ለረጅም ጊዜ ከሲጋራ እንደሚያላቅቅ የተገኘው ማስረጃ ደካማ ነው። አጋዥ ነው። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ፣ እንደ ቫሬኒክሊን ያሉ ሐራራን የሚቀንሱ ክኒኖች፣ ከዚያም ቁጭ ብሎ የሚያማክር ሰው ናቸው።

ቫሬኒክሊን የአእምሮ ሕመምተኛን ያሳብዳል የሚል ፍርሃት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ8 ሺህ በላይ አጫሾች የተሳተፉበት፣ ግማሽ ያህሉ የአእምሮ ሕመም የነበረባቸው ጥናት ወጣ፤ መድኃኒቱ ከፕላስተርም ሆነ መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ክኒን ይልቅ ጉልህ የሆነ የአእምሮ ጉዳት አላመጣም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በዚያው ዓመት ሣጥኑ ላይ የነበረውን ከባድ ማስጠንቀቂያ አነሣ። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው አጫሾች ተብሎ የተቀረጸ እገዛ ካገኙት ውስጥ በ6 ወር 14 በመቶው አቁመው ነበር፤ የተለመደውን ብቻ ካገኙት ግን 6 በመቶው። 14 ትንሽ ነው አትበሉ። ለዚህ ሱስ ትንሽ አይደለም።

ለሐኪሙ ሳይነግሩ ማቆም

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፣ እኛም የወደቅነው እዚህ ጋ ነው።

የሲጋራ ጭስ ጉበት ውስጥ አንዳንድ መድኃኒቶችን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም (ሰውነት የሚሠራውን አፍራሽ ንጥረ ነገር) ያነቃቃዋል። ለስኪዞፍሬንያ የሚታዘዙት ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን ከነዚህ ውስጥ ናቸው። አጫሹ መድኃኒቱ ቶሎ ስለሚፈርስበት ከፍ ያለ መጠን ይታዘዝለታል። ሲጋራውን ሲያቆም ኢንዛይሙ በቀናት ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ያው የድሮው ክኒን ደም ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ይሄን የሚያደርገው ጭሱ ነው እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም፤ ስለዚህ ፕላስተር ለጥፏል ብላችሁ አትዘናጉ።

በሁለተኛው ሙከራ፣ ስድስተኛው ቀን ላይ ወንድሜ ከአልጋ መነሣት አቃተው። ለሃጩ ትራሱን አርሶታል። ሲራመድ ይንገዳገዳል። እናቴ «በእግር አደከምከው» ብላ እኔን ተቆጣች፣ እኔም አመንኳትና ጉዞውን አቆምኩ። ጥፋተኛው ጉዞው አልነበረም፣ ክሎዛፒኑ ነበር። ሐኪሙ ደሙን አስመርምሮ መጠኑን ቀነሰው። በጊዜው ባንሄድ ኖሮ እስከሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊያደርስ ይችል ነበር።

ስለዚህ የሚያቆምበት ቀን ሳይደርስ ለሐኪሙ ይነገር። ተመልሶ ማጨስ ከጀመረም ይነገር፣ ያኔ ደግሞ መድኃኒቱ ያንሰዋልና። መጠኑን በራሳችሁ አትንኩ። ቡና የሚያበዛ ከሆነም ይቀንስ፤ ካፌይንን የሚያፈርሰው ያው ኢንዛይም ስለሆነ በፊት የለመደው ስኒ አሁን እንቅልፍ ይነሣዋል፣ ልቡንም ያስደልቀዋል።

ሙቀትና ውሃ

አጭር ነው፣ ግን አትዝለሉት። ለባይፖላር የሚታዘዘውን ሊትየም የሚወስድ ሰው በላብ ብዙ ውሃ ካጣ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ወደ መርዝነት ሊጠጋ ይችላል። ውሃ ይጠጣ፣ በጠራራ ፀሐይ አይሂድ። ከተቀመጠበት ሲነሣ የሚያዞረው ካለም መጀመሪያ ቆም ይበል።

ክብደቱን እያዩ መነዝነዝ

ሲጋራ ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨምራል። እንደ ክሎዛፒን ያሉት ብዙዎቹ የስኪዞፍሬንያ መድኃኒቶችም ያወፍራሉ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። እንቅስቃሴው እዚህ ላይ ያግዛል። ግን በዚያው ሳምንት ሲጋራም ምግብም አትንጠቁት፤ አንዱን ያሸንፍ፣ ሌላው ይደርሳል።

አንዲት ሲጋራን እንደ ሽንፈት መቁጠር

በሦስተኛው ሙከራ፣ ሁለት ሳምንት ካለፈው በኋላ፣ ጉዟችን መሃል ከማያውቀው ሰው ሲጋራ ለምኖ ለኮሰ። በፊት ቢሆን ጥዬው ወደ ቤት እመለስ ነበር። ያን ቀን አጠገቡ ቆሜ ጠበቅሁት። ሲጨርስ በእግሩ ረገጣትና መንገዱን ቀጠልን። ፕላስተሩን አላነሣነውም። በሳምንቱ ቀጠሮ ለሐኪሙ የነገረውም እሱ ራሱ ነው።