ውሻ፣ ወፍጮ እና የቆሎ ተማሪ፦ በጆሮ ብቻ የሚጫወቱት ጌም አሠራር

በድምፅ ብቻ የሚሠራ ጌም ካሰባችሁ ከታሪኩ በፊት ድምፆቹን ምረጡ። የኔ ጌም ተጫዋች የቆሎ ተማሪ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነውና የቆሎ ተማሪ ለማንም እንግዳ አይደለም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ባለች መንደር «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይዞራል። ጠላቱ ውሻ ነው። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ጃፓናዊው ጌም ሠሪ ኬንጂ ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1997 ምስል የሌለው ጌም ሴጋ ሳተርን ለሚባለው የጌም መጫወቻ አውጥቷል።

መጀመሪያ የማይቋረጥ ድምፅ አስቀምጡ። የኔ ወፍጮ ቤቱ ነው፤ ተጫዋቹ የትም ቢሄድ ዱክ ዱክ ሲል ይሰማዋል። በሌላው ጫፍ ወንዝ አለ። ለአንድ መንደር ሁለቱ ይበቃሉ። አራት አምስት ከጨመራችሁ የቅዳሜ ገበያ ሆኖ ያርፋል።

ግራና ቀኝ ቀላል ነው፤ ድምፁ አንዱ ጆሮ ላይ ቀድሞ ይደርሳል፣ ጎላም ይላል። የሚያስቸግረው ፊትና ኋላ ነው። ፊት ለፊት ያለው ውሻም ከኋላ ያለውም ለሁለቱ ጆሮዎች እኩል ይደርሳሉ። ኤችአርቲኤፍ የሚባለው ስሌት የጭንቅላትንና የጆሮን ቅርፅ አስመስሎ ድምፁን ይለውጣል፤ ስቲም ኦዲዮ በሚባለው የጌም ድምፅ ሶፍትዌር ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ። ግን የሰው ጆሮ አንድ ዓይነት ስላልሆነ በሱ ብቻ አትመኩ። እኔ ከኋላ የሚጮኸውን ውሻ ቀጫጭን ድምፁን ቆርጬ አፍነዋለሁ። ተጫዋቹ ዞር ሲል ጩኸቱ ጥርት ይላል።

እርምጃም ይሰማ። ጭቃው፣ ጠጠሩ፣ ሣሩ የየራሳቸው ድምፅ ይኑራቸው። አጥር ሲነካ ቅጠሉ ይንኮሻኮሽ፤ ዝም ካለ ጌሙ የተበላሸ ይመስላል።

ለቀረጻ ስልክ ይበቃል። ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ ቅረፁ። ፋይሉ ሞኖ (ባለ አንድ መስመር) ይሁን፤ ግራና ቀኙ የተለየው ስቴሪዮ አቅጣጫ ለማስያዝ ያስቸግራል። ተደጋጋሚውን ድምፅ ኤምፒስሪ አታድርጉት፣ መጋጠሚያው ላይ ይቆራረጣል። ዌቭ የሚባለው የፋይል ዓይነት ይሻላል።

ሜኑውን ጌሙ ራሱ ያንብብ። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ስክሪኑን ለዓይነ ስውራን የሚያነበው ቶክባክ ከበራ በአንድ ጣት ማንሸራተትን እሱ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ለጊዜው እንዲያቆመው ገና ሲከፈት ንገሩት። ንግግሩ «በር፣ በስተግራ» ያህል ይጠር፤ ስክሪኑ ሲነካም ወዲያው ይቋረጥ። ረጅም መግቢያ የሚያስተርኩ ሰዎች ትዕግሥታቸው ይገርመኛል።

ዓይናችሁን በሻሽ አስራችሁ ሞከርን እንዳትሉ፤ መንደሩን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ዓይነ ስውር ተጫዋች ፈልጉ፣ ለድካሙም ክፈሉት። ስልኩን ስጡትና አፋችሁን ያዙ። አንዱ ሞካሪዬ ማዳመጫውን በአንድ ጆሮው ብቻ ነው የሚሰካው፤ ሌላውን ለመንገዱና ለሚጠራው ሰው ይተወዋል። ለሱ ብዬ አንድ ምርጫ ጨመርኩ፦ በግራ ያለ ውሻ በወፍራም፣ በቀኝ ያለ በቀጭን ድምፅ ይጮኻል። ማዳመጫው ደግሞ ባለገመድ ይሁን። ብሉቱዝ ድምፁን ስለሚያዘገየው ጩኸቱ የሚደርሰው ውሻው ከነከሰ በኋላ ነው።