ጠርዙ ቦግ የሚል ፕላስቲክ፦ ብርሃንን በአክሪሊክ መሰብሰብ

ማስታወቂያ ቤቶች ፊደል የሚቆርጡበትን ብርቱካናማ ፍሎረሰንት አክሪሊክ ሳታዩት አትቀሩም። ፊቱ ደብዘዝ ብሎ ጠርዙ ቦግ ይላል። ኤሌክትሪክ ግን የለውም። ፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ቀለም ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ውጦ ብርቱካናማ አድርጎ ይተፋዋል። ከሚተፋው ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል በሁለቱ ፊቶች መሀል እየነጠረ ወደ ጠርዝ ይጓዛል። ፊዚክስ ሳስተምር ሙሉ ውስጣዊ ነጸብራቅን፣ ማለትም ብርሃን ወደ አየር ሳይወጣ ተመልሶ ወደ ውስጥ መንጠሩን፣ የማሳየው በዚህ ነው። እስቲ ጠርዙ ላይ የሚደርሰውን ብርሃን እንለካ።

10 በ10 ሳንቲሜትር የሆነ፣ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ፈልጉ። ትርፍራፊውን ስለሚጥሉት ደህና አድርጎ ለጠየቀ በነፃ ይሰጡታል። ለማነጻጸሪያ እኩል መጠን ያለው፣ ቀለም የሌለው ጥርት ያለ አክሪሊክም ያዙ። ከተበላሸ የሶላር መብራት የተነቀለች፣ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የምትቀይር ሴል፣ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ጥቁር ናስትሮና ከመድኃኒት ቤት ግሊሰሪን ይበቃል።

ዋናው ሥራ ጠርዙ ላይ ነው። በሌዘር ከተቆረጠ ለስላሳ ሆኖ ይመጣል። በመጋዝ ከሆነ ግን በብርጭቆ ወረቀት እያረጠባችሁ እሹት፤ መጀመሪያ በቁጥር 400፣ ከዚያ በ800፣ በመጨረሻ በጣም ለስላሳ በሆነው በ1200። ከዚያ በጨርቅ ላይ የጥርስ ሳሙና አድርጋችሁ ወልውሉት። በጠርዙ በኩል አሻግራችሁ ስታዩ ጭረት ካለ ገና ነው። ፊቱን በሳሙና ውሃ እጠቡ። አልኮል እንዳይነካው፣ አክሪሊክን ይሰነጣጥቀዋል! ቁራጩንም ሁሌ በጠርዙ ያዙ። የጣት ቅባት ባለበት ቦታ ብርሃን ያመልጣል።

የሴሏን ፊት 3 ሚሊሜትር ስንጥቅ ብቻ አስቀርታችሁ በናስትሮ ሸፍኑት። አለዚያ የምትለኩት የፀሐይን ብርሃን በቀጥታ ነው። ስንጥቁ ላይ አንድ ጠብታ ግሊሰሪን አድርጋችሁ ጠርዙ ላይ ለጥፏት። ግሊሰሪን ብርሃንን የሚያጥፍበት መጠን ከአክሪሊክ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ብርሃኑ መሀል ላይ አየር አግኝቶ ወደ ኋላ አይመለስም።

መልቲሜትሩን ከሴሏ ሽቦዎች ጋር አገናኝታችሁ ሚሊአምፔር ላይ አድርጉ። ቮልቱ በብርሃን መጠን እምብዛም ስለማይለወጥ ያሳስታችኋል። ከዚያ ጥርት ያለውን ቁራጭ በቦታው ተኩና አወዳድሩ። ደመናማ ቀንም ይሞከር፤ ይህ ፕላስቲክ የተበተነ ብርሃንም ይሰበስባል፣ ፀሐይን መከተል አያሻውም። የፕላስቲኩ ፊት ላይ ናስትሮ ስትለጥፉ ደግሞ ንባቡ ሲወርድ ታያላችሁ።

ተማሪዎች ሁሌ ቁራጩን እናሳድገው ይላሉ። የቆዳ ስፋቱን ስታሳድጉ ንባቡ ልክ በዚያው መጠን አያድግም፤ ቀለሙ ራሱ የተፋውን መልሶ ይውጠዋል። ስትጨርሱ በጥቁር ወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ፀሐይ ላይ ከከረመ ቀለሙ እየነጣ ይሄዳል።