«ዲድንት ዌንት» የማን ስህተት ነው?

ተማሪው «አልሄድኩም» ለማለት እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ አይ ዲድንት ዌንት» ይላል። አስተማሪው «ዲድንት ጎ!» ብሎ ያርመዋል። ተማሪው «እሺ፣ ዲድንት ጎ» ብሎ ይቀመጣል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ «አይ ዲድንት ሶው»። አስተማሪው ይበሽቃል። እኔም ለዓመታት በሽቄያለሁ። ሕጉን ሰሌዳው ላይ አሳምሬ ጽፌዋለሁ፣ ሌላ ምን ላድርግ? ተማሪው ጭንቅላት ውስጥ ያለው አማርኛ ምን እየሠራ እንደሆነ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሲምፕል ፓስት፣ ማለትም የእንግሊዝኛው ተራ ኃላፊ ጊዜ፣ ስሙ ራሱ «ቀላል» ነኝ ይላል። አትመኑት። አማርኛ ተናጋሪ ስናስተምር የምንደጋግማቸውን ጥፋቶች፣ ከራሴ ጀምሬ፣ ላንሳቸው። እንግሊዝኛውን በእኛው ፊደል የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። ይሄ ትምህርት ከዓይን ይልቅ ጆሮ ላይ ነው የሚበላሸው፤ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

«ዲድ»ን ያለ ምክንያት ማሸምደድ

«ከዲድ በኋላ ግሱ ወደ መነሻው ይመለሳል» እንላለን። ልክ ነው። ለምን እንደሚመለስ ግን አንናገርም።

«አልሄደም» የሚለውን ቃል ፍቱት። «አል» ከፊት፣ «ም» ከኋላ ገብተዋል፤ መሃል ላይ «ሄደ» ሳይነካ ቁጭ ብሏል። ጥያቄ ሲሆንማ «ሄደ?» ብሎ ድምፅን ማንሳት ይበቃል። በአማርኛ ግሱ ኃላፊነቱን ለማንም አያስረክብም። ስለዚህ «ዲድንት ዌንት» ያለው ተማሪ ሰነፍ አይደለም። «አልሄደም»ን ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ፣ በታማኝነት ተርጉሟል።

እኔ አሁን የምይዘው መንገድ «ኃላፊ» በሚለው ቃል መጫወት ነው። በአማርኛ ኃላፊ ያለፈ ጊዜም ነው፣ የመሥሪያ ቤት አለቃም ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ኃላፊ አንድ ብቻ ነው እላቸዋለሁ። «ሺ ዌንት» ካልን ኃላፊው «ዌንት» ነው። «ዲድ» ሲሾም ግን ወንበሩን ይረከባል፤ «ዌንት» ተራ ሠራተኛ ሆኖ ወደ «ጎ» ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ አንዱ ሲሳሳት እኔ ማረም አይጠበቅብኝም። ክፍሉ በሙሉ «ሁለት ኃላፊ!» ብሎ ይጮኻል።

እዚሁ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ ሁላችንም ትምህርቱን «ዋት ዲድ ዩ ዱ?» ብለን መጀመራችን ነው። «ዲድ» እና «ዱ» አንድ ግስ ናቸው፤ አንዱ ረዳት ሆኖ ሌላው ዋና ሆኖ ነው የመጣው። ጀማሪ ይሄን ከየት አምጥቶ ይለያል? በ«ዌር ዲድ ዩ ጎ?» ጀምሩ።

ሁለተኛው «ማን» ነው። ተማሪ «ዲድ»ን በደንብ ከያዘ በኋላ «ሁ ዲድ ብሬክ ዘ ዊንዶው?» ማለት ይጀምራል። መስኮቱን ማን ሰበረ ማለቱ ነው። ትክክሉ «ሁ ብሮክ ዘ ዊንዶው?» ነው፤ አድራጊው ሲጠየቅ «ዲድ» አያስፈልግም። ብዙ አስተማሪ ይሄን በባለቤትና ተሳቢ ትንተና ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። አማርኛው መልሱን በአንድ ፊደል ይዞታል። «ማን ጠራ?» ካልን «ሁ ኮልድ?» ነው። «ማንን ጠራህ?» ካልን «ሁ ዲድ ዩ ኮል?» ነው። «ን» ካለች «ዲድ» አለ፤ «ን» ከሌለች የለም። ይህቺን ዘዴ ባገኘሁበት ቀን ያለፉት ዓመታት ተማሪዎቼን ይቅርታ መጠየቅ አማረኝ።

«ዋዝ ማለት ነበር ነው» ብሎ ማለፍ

ይሄ ከሁሉም የከፋው ይመስለኛል፤ ግማሽ እውነት ስለሆነ። «አስተማሪ ነበረች» ስንል «ሺ ዋዝ ኤ ቲቸር» ይሆናል፤ ሰላም ነው። ግን የእኛ «ነበር» የማይገባበት የለም። «ሄጄ ነበር» እንላለን፣ «እሄድ ነበር» እንላለን። «ዋዝ ማለት ነበር ነው» የተባለ ተማሪ የመጀመሪያውን «አይ ዋዝ ዌንት»፣ ሁለተኛውን «አይ ዋዝ ጎ» ያደርገዋል። ምን ያድርግ፣ የነገርነውን ነው የሠራው።

መፍትሔው «ዋዝ»ን ከተግባር ግሶች ለይቶ፣ በሌላ ቀን ማስተማር ነው። «ዋዝ» እና «ዌር» ማንነትን፣ ሁኔታንና ቦታን ይነግራሉ፦ አስተማሪ ነበረች፣ ቤት ነበሩ፣ ብርድ ነበር። ሲጠየቁ ራሳቸው ወደ ፊት ይወጣሉ፤ «ዲድ»ን አይጠሩም። ሁለቱን በአንድ ቀን የጫነ አስተማሪ «ዲድ ዩ ዋዝ?» የሚል ጥያቄ ሰምቶ ወደ ቤቱ ይገባል።

አማርኛው ኃላፊ ሲመስል ማመን

ስልክ ደውላችሁ «የት ደረስክ?» ስትሉት «መጣሁ፣ መጣሁ!» ይላችኋል። ገና ጫማውን እያሰረ ነው። ግሱ ኃላፊ ነው፤ ሰውየው ግን አልመጣም። በእንግሊዝኛ «አይ ኬም» ካለ ሰሚው ዞር ብሎ ይፈልገዋል።

«ራበኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ገባኝ» የምንላቸውም እንደዚሁ ናቸው። ቅርጻቸው ያለፈ፣ ትርጉማቸው አሁን። እንግሊዝኛው «አይ አም ሀንግሪ» ብሎ በአሁን ጊዜ ይናገራል። እንግዲህ ክፍል ውስጥ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሰጥቶ «ወደ ሲምፕል ፓስት ተርጉሙ» የሚል መልመጃ ስታዘጋጁ እነዚህን ቃላት አንድ በአንድ ልቀሙ። የግሱን ቅርጽ ተዉትና «ነገሩ አልቋል ወይስ አሁንም አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ኃላፊን በሩቅና በቅርብ መለካት

የአማርኛ ሰዋስው ስንማር የቅርብ ኃላፊ፣ የሩቅ ኃላፊ ተብለን ነው ያደግነው። ይሄንኑ መለኪያ እንግሊዝኛው ላይ እንለጥፋለን። «ሲምፕል ፓስት ለሩቅ፣ ፕረዘንት ፐርፌክት («አይ ሀቭ ጎን» ዓይነቱ) ለቅርብ» የሚል ማስታወሻ በየደብተሩ ታገኛላችሁ። አይሠራም። ዳይኖሰሮች ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጠፉ፤ ሲምፕል ፓስት ነው። ከአንድ ደቂቃ በፊት በሩን ዘጋሁ፤ ይሄም ሲምፕል ፓስት ነው። የሚለካው ርቀቱ አይደለም፤ ተናጋሪው ያለቀና የተዘጋ ጊዜ ላይ ቆሞ እያወራ መሆኑ ነው።

የቆይታ ርዝመትም አይወስነውም። «ሺ ሊቭድ ዜር ፎር ሰርቲ ዪርስ» ሲባል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነው፤ ግን አሁን እዚያ የለችም። «ገባችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ያልገባውም «አዎ» ይላል። «አሁንም እዚያ ትኖራለች?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ውስጥ እንደገባቸው ታያላችሁ። ፕረዘንት ፐርፌክትን ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ለሌላ ወር አቆዩት።

ጽሕፈቱን እንጂ ድምፁን አለማስተማር

የመደበኛ ግሶች መጨረሻ ሲጻፍ አንድ ነው፤ ሲነገር ግን ሦስት። «ዎክት» መጨረሻው «ት» ነው። «ክሊንድ» «ድ» ነው። «ዋንቲድ» ብቻ ነው «ኢድ» የሚጨምረው፤ እሱም ግሱ ራሱ በ«ት» ወይም በ«ድ» ሲያልቅ ነው። ተማሪው ግን ያየውን ፊደል ሁሉ ያነባል፤ «ዎኪድ»፣ «ክሊኒድ»፣ «ሄልፒድ»።

ጉሮሮን በእጅ ይዞ ንዝረቱን ማዳመጥ የታወቀ ዘዴ ነው። የሚነዝር ድምፅ «ድ»ን ያስከትላል፤ የማይነዝር «ት»ን። እኔ ግን አጭሩን መንገድ በአማርኛ አገኘሁት። «ወቅት» ማለት ትችላለህ? እንግዲያው «ዎክት» ማለት ትችላለህ። «ክንድ» እና «ግንድ» ያለ አፍ «ክሊንድ»ን አያቅተውም። የሚከብደው ሦስት ተነባቢ ሲደራረብ ነው፤ «ሄልፕት»፣ «አስክት»። እንዲህ ያለ ክምር አማርኛ ስለሌለው ምላስ አናባቢ ሰርቃ ታስገባለች። እሱን ቀስ ብሎ መለማመድ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ደንቡ የሚከተለው ድምፅን ነው። «ላፍት» ማለትም «ሳቀ» ሲጻፍ ሌላ ፊደል ነው፤ ሲነገር ግን ከ«ት» በፊት ያለው «ፍ» ነው።

የፊደል አጻጻፉን ሕግ፣ የትኛው ይደገማል፣ የትኛው «ዋይ» ወደ «አይ» ይቀየራል የሚለውን፣ የጽሑፍ ቤት ሥራ ላይ አሳዩአቸው። ክፍለ ጊዜ አታባክኑበት።

የግስ ዝርዝር አሸክሞ መላክ

ከኤ እስከ ዜድ የተደረደረ፣ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያለ የሚሄድ ባለ ሦስት ዓምድ ዝርዝር። ሁላችንም ተሸክመነዋል። ጀማሪ ገና «ዌንት»ን ሳይለምድ ሦስተኛውን ዓምድ ምን ያደርገዋል? «አይ ጎን» እንዲል ካልሆነ በቀር። ሦስተኛውን ዓምድ ቅደዱት።

የተቀረውን በድምፅ ቤተሰብ አቧድኑት። ጨርሶ የማይለወጡ አሉ፤ «ፑት»፣ «ካት»፣ «ሂት»። በ«ኦት» የሚያልቁ አሉ፤ «ቦት»፣ «ብሮት»፣ «ሶት»። «ድሪንክ» «ድራንክ» ሲሆን «ሲንግ»ም «ሳንግ» ይላል፤ ቤት ይመታል። ግጥም የለመደ ጆሮ ዝርዝርን ይረሳል፣ ቤት የመታን ግን ይይዛል። ደግሞ በብዛት ከሚሠራባቸው ጀምሩ። በእንግሊዝኛ በጣም የሚዘወተሩት ግሶች፣ መሆን፣ መኖር (ማለትም «ሀቭ»)፣ ማድረግ፣ ማለት፣ መሄድ፣ ማየት የመሳሰሉት፣ ሁሉም ኢ-መደበኛ ናቸው።

ተማሪ «ኢቲድ» ወይም «ብሪንግድ» ካለ አትደንግጡ። እንግሊዝኛ ያፋቸው የሆነ ሕፃናትም ይሄን ይላሉ። መጀመሪያ የሰሙትን በትክክል ይደግማሉ፣ ቀጥሎ ሕጉ ሲገባቸው በሁሉም ላይ እየለጠፉ ይሳሳታሉ፣ ከዚያ ይስተካከላሉ። ስህተቱ ሕጉ ገብቷል ማለት ነው።

«በፊት»ን በቦታው መተርጎም

ይሄ አጭር ነው። «ከሁለት ዓመት በፊት» «ቢፎር ቱ ዪርስ» አይደለም፤ «ቱ ዪርስ አጎ» ነው። «ትናንት ማታ»ም በተለመደው አነጋገር «ላስት ናይት» ነው፤ «ትናንት ጠዋት» ግን «የስተርዴይ ሞርኒንግ»። ለምን አትበሉኝ።

ታሪኩን በእርማት መግደል

አንድ ጎልማሳ ተማሪ የኪስ ቦርሳው እንዴት እንደጠፋ ሲተርክልን አምስት ጊዜ አቋረጥኩት። «ሎስት!»፣ «ፋውንድ!»፣ «ቶልድ!»። ስድስተኛው ላይ «ተወው ቲቸር፣ በቃ አልተገኘም» ብሎ ተቀመጠ። ቦርሳው የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ትረካ ላይ ዝም ብላችሁ ጻፉ፤ ሲጨርስ ሁለት ወይም ሦስቱን ብቻ አንሱ። እርማት የሚቋቋመው ቅርጽ ሲለማመድ ነው፣ ሰው የሚለው ነገር ሲኖረው አይደለም። «ዓረፍተ ነገሮቹን ወደ ኃላፊ ጊዜ ቀይሩ» የሚል መልመጃ ብቻውንም አያናግርም። መጠየቅ የሚያስገድድ ነገር ስጧቸው።

የኔ ተመራጭ የተጠርጣሪዎች ጨዋታ ነው። «ትናንት ማታ ስርቆት ተፈጽሟል፤ ሁለታችሁ ግን አብረን ፊልም ቤት ነበርን ትላላችሁ» ብዬ ሁለት ተማሪ ወደ ውጭ አስወጣለሁ። ውጭ ሆነው ታሪክ ያስማማሉ፤ ውስጥ ያሉት ጥያቄ ያዘጋጃሉ። ከዚያ ለየብቻ እየገቡ ይመረመራሉ። መልሳቸው ካልገጠመ ሌቦቹ እነሱ ናቸው።

ባለፈው ስንጫወት ተጠርጣሪዎቹ ጎበዞች ነበሩ። ፊልሙ ገጠመ፣ ሰዓቱ ገጠመ፣ የተቀመጡበት ወንበርም ገጠመ። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ብዙም የማትናገር ልጅ ለሁለቱም ተራ በተራ አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረበች፦ «ሁ ፔይድ?»

ሁለቱም «እኔ» አሉ።