ያረፉ የአንደኛ ደረጃ መምህርን የሚዘክር የትዝታ መጽሐፍ እንዴት ይዘጋጃል?

ፊደል ያስቆጠሩ መምህር ሲያርፉ ትዝታቸው በየተማሪው ቤት ተበትኖ ይቀራል። ቤተሰባቸው ክፍል ውስጥ አልነበረምና ይህን የሕይወታቸውን ግማሽ አያውቀውም። የትዝታ መጽሐፍ ትልቁ ጥቅሙ ቤተሰቡ ያላየውን መምህር ለቤተሰቡ ማሳየቱ ነው። ከመጀመሪያው ቀን እስከ ማተሚያ ቤት 8 ሳምንት ያህል ያዙለት።

መጀመሪያ ቤተሰቡን ማስፈቀድ

ቤተሰቡን የሚያነጋግር አንድ ሰው ብቻ ይመረጥ። ሐዘን ላይ ላለ ቤት አምስት ሰው እየደወለ ያንኑ ጥያቄ መጠየቅ ያደክማል። ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ መጽሐፉ እንዲዘጋጅ ይፈቅዳሉ ወይ፣ የመምህሩ ሙሉ ስም በምን ፊደላት ይጻፍ (ሐ፣ ሀ፣ ኀ ላይ ስሕተት ይበዛል)፣ እንዲነሳ የማይፈልጉት ነገር አለ ወይ። ስለ ሕመማቸው መጻፍ የማይፈልግ ቤተሰብ ብዙ ነው።

ተማሪዎቹን ማሰባሰብ

በአንድ ጥሪ ሁሉንም አገኛለሁ ማለት አያዋጣም። መምህሩ ያስተማሩባቸውን ዓመታት ዘርዝሩና ለየዓመቱ አንድ ተጠሪ ፈልጉ፤ አብሮ አደጉን የሚያውቀው እሱ ነው። የትዝታ ጽሑፋቸው መላኪያ ቀን በ4ኛው ሳምንት መጨረሻ ይሁን፤ ከሳምንት በፊት አስታውሱ። አብዛኛው ሰው የሚጽፈው በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው።

ጥያቄው ላይ ነው ሥራው

«ስለ መምህራችን ጻፉልን» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሃምሳ ሰው «ደግ፣ ትሑት፣ እንደ ወላጅ» ብሎ ይልካል። ቃሉ እውነት ነው፤ ግን ከሃምሳው ደብዳቤ በአንዱም መምህሩ በዓይን አይታዩም። በዚህ ፋንታ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውሱ ጥያቄዎችን ላኩ፦

- ከአፋቸው የማይጠፋው ቃል ምን ነበር?
- ስትሳሳቱ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር?
- ጠመኔ ሲይዙ፣ ስም ሲጠሩ፣ ደብተር ሲያርሙ እንዴት ነበሩ?
- ከእሳቸው ተምራችሁ ዛሬም የምትሠሩበት ምን አለ?

እያንዳንዱ ሰው አንዱን መርጦ ከ150 እስከ 200 ቃል ይጻፍ። መጻፍ የሚከብደው ሰው በስልክ 3 ደቂቃ ያህል ተናግሮ ድምፁን ይላክ፤ እናንተ ወደ ጽሑፍ ስትገለብጡት አነጋገሩን አታስተካክሉበት። ለዛው እዚያ ነው።

አሁን የሚማሩት ልጆች

ለሕፃናት «ሞተዋል» ብሎ በግልጽ መንገር ይሻላል። «ተኝተዋል» ወይም «ሄደዋል» ከተባሉ ቃሉን እንዳለ ይወስዱትና መተኛትን ሊፈሩ፣ መምህሩ ይመለሳሉ ብለውም ሊጠብቁ ይችላሉ። ከዚያ በኤ4 ወረቀት ላይ በደማቅ ቀለም ይሳሉ። ፈዛዛ እርሳስ ስካን ሲደረግ ይጠፋል። የፊደል ግድፈታቸውን አትንኩ፤ አልስልም ያለውንም አታስገድዱ። ሥዕሉ በስማቸው እንዲታተም ወላጆቻቸውን አስፈቅዱ።

ፎቶግራፍ

የታተመ ፎቶ በልኩ የሚገባ ከሆነ በ300 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ)፣ እጥፍ የሚያድግ ከሆነ በ600 ስካን ይደረግ። ስካነር ከሌለ ፎቶውን መስኮት አጠገብ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝታችሁ፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ፣ ስልኩን ሳታዘነብሉ አንሱት። አልበም ላይ የተጣበቀውን አትላጡ፤ ይቀደዳል። በመልእክት መላኪያ የሚላክ ፎቶ ጥራቱ ስለሚቀንስ በፋይል መልክ ይላክላችሁ። የክፍል ፎቶ ከሆነ ስሞቹን ከግራ ወደ ቀኝ በየረድፉ ጻፉ።

አርትዖትና ኅትመት

ደብዳቤዎቹን በጸሐፊው ማዕረግ አታሰልፉ፤ በተማሩበት ዓመት ይሰለፉ። ያኔ መምህሩ ከወጣትነት እስከ ሽምግልና በገጾቹ ውስጥ ሲያድጉ ይታያሉ። ቤተሰቡን የሚያስከፋ ነገር ያለበት ደብዳቤ ከመጣ በዝምታ አትቁረጡት፤ ለጸሐፊው ደውላችሁ አብራችሁ አስተካክሉት።

ፊደሉ ከ12 ነጥብ አይነስ፤ የመምህሩ የሥራ ባልደረቦች በዕድሜ የገፉ ናቸው። በመሃሉ በሽቦ የሚሰፋ ከሆነ የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት፤ አንድ ወረቀት ሲታጠፍ 4 ገጽ ነውና። በሙጫ የሚጠረዝ ከሆነ በማጠፊያው በኩል 2.5 ሴንቲሜትር ባዶ ተዉ፤ አለበለዚያ ጽሑፉ ጥርዙ ውስጥ ይገባል። ፋይሉን ፎንቱ (የፊደሉ ቅርጽ) አብሮ በተካተተበት ፒዲኤፍ ስጡ። ያለዚያ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ፊደላችን ወደ ባዶ አራት ማዕዘን ሊለወጥ ይችላል። ሁሉም ከመታተሙ በፊት አንድ ናሙና አሳትሙና ጽሑፉን ያላየ ሰው ስሞቹን አንድ በአንድ ይመርምር።

ርክክብ

የመጀመሪያው ቅጂ ለቤተሰቡ፣ ሁለተኛው ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ። በመታሰቢያው ዕለት ሦስት ወይም አራት ደብዳቤ ቢነበብ ይበቃል፤ እንባ የሚያቋርጠው አንባቢ ስለሚኖር ለእያንዳንዱ ተተኪ አንባቢ ይዘጋጅ። ከመጽሐፉ ጀርባ 4 ባዶ ገጽ ተዉ። በቀጠሮው ቀን ያልደረሰ ተማሪ ቆይቶም ቢሆን ይመጣል፤ በእጁ የሚጽፍበት ቦታ ያግኝ።