ተጀምሮ የቀረ ጂቲኦ ኮንቨርቲብል ልትገዙ ነው? ችግሩን ከነመፍትሄው እነሆ

«አብዛኛው ሥራ አልቋል፤ የቀረው መገጣጠም ብቻ ነው።» ያልተጨረሰ አሮጌ መኪና የሚሸጥ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ይላል። ውሸታም ነው ማለቴ አይደለም። ግን ሥራው የቆመበት ምክንያት አለ። ከመክፈላችሁ በፊት እሱን አግኙት።

ምሳሌዬ በጣም የምወደው የአሜሪካ መኪና፣ እ.ኤ.አ. የ1967 ፖንቲያክ ጂቲኦ ነው። በዚያ ዓመት ከተሠሩት 81,722 ጂቲኦዎች ጣሪያቸው የሚከፈተው (ኮንቨርቲብሎቹ) 9,517 ብቻ ነበሩ። መደበኛው ሞተር 400 ኪዩቢክ ኢንች፣ 335 የፈረስ ጉልበት ነው። ሰው ግማሽ መንገድ የደረሰውን እንኳ የሚሻማበት ለዚህ ነው።

በሩ ቢዘጋም ክፍተቱ አያምርም

ከሁሉም በፊት ይህን እዩ። በሩን ዝጉና ከኋላ ጠርዙ በኩል ክፍተቱን ተመልከቱ። ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ መኪናው መሀሉ ላይ ጎብጧል ማለት ነው።

ኮንቨርቲብል ቦዲውን ከላይ የሚይዝለት የብረት ጣሪያ የለውም። ስለዚህ ፋብሪካው ሻንሲውን አጠንክሮታል። የባለ ጣሪያው ሻንሲ ጎን ለጎን የሚሄደው ብረት በአንድ በኩል ክፍት ሲሆን የኮንቨርቲብሉ ግን ዙሪያውን የተዘጋ ነው። ጥንካሬው ጥሩ ነው፤ ችግሩ ጭቃና እርጥበት ከገባ አለመውጣቱ ነው። ከውጭ ደህና የሚመስል ሻንሲ ከውስጥ ተበልቶ ሊገኝ ይችላል። በተለይ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ወደ ላይ የሚታጠፍበትን ቦታ በትንሽ መዶሻ ነካ ነካ አድርጉት። ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ካልሰጠ በጠመንጃ መፍቻ ተጭናችሁ ፈትኑት።

ሌሎች ሁለት ምክንያቶችም አሉ። አንደኛው በቦዲውና በሻንሲው መካከል ያሉት ጎሚኒዎች ማለቃቸው ነው። ሁለተኛው ግን ይባስ፦ የቀድሞው ባለቤት የወለሉን ላሜራ ሲቀይር የበሮቹን ክፍት ቦታ በብረት ሳይደግፍ ቆርጦታል። ያኔ ቦዲው ይታጠፍና አዲሱ ወለል እንደታጠፈ ይበየድበታል።

መፍትሄው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ሻንሲው ጠፍጣፋ መሬት ላይ ሆኖ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ይለካል፤ የተበላው ይቀየራል። ከዚያ ጎሚኒዎቹ። ከዚያ በበሮቹ ክፍት ቦታ ላይ ጊዜያዊ ድጋፍ ይበየድና ወለሉ በየተራ፣ አንድ ጎን ብቻ እየተቆረጠ ይሠራል። የበሩ ማጠፊያ መጨረሻ ነው። ማጠፊያ በመነካካት ክፍተት ለማስተካከል የሚሞክር ሰው ችግሩን እየደበቀ ነው።

ቀላሉንም አትርሱ። በሩን ከፍታችሁ ጫፉን ወደ ላይ አንሱት። ከተወዛወዘ ያለቀው የማጠፊያው ፒን ሊሆን ይችላል። እሱ በትንሽ ወጪ ይሠራል።

ቀለሙ ያበራል፣ ማግኔት ግን አይዝም

ከሥሩ ስቱኮ (መሙያ) ነው። ማግኔቱን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከኋላ ጎማ በስተጀርባና ከበሩ በታች ሞክሩ። ወፍራም ስቱኮ ካለ ተፍቆ ላሜራው ይቀየራል፤ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ መኪናውን እንዳልተቀባ ቆጥራችሁ ተደራደሩ። እኔ ቀለም ያልነካውን፣ ዝገቱ በግልጽ የሚታየውን እመርጣለሁ።

ጣሪያው አይነሳም

ፓምፑ ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ነው። ጭራሽ ድምፅ ከሌለው ከባትሪ በቀጥታ ኤሌክትሪክ ስጡት። ከሠራ ችግሩ ሽቦው፣ ማብሪያው ወይም ከቦዲው ጋር የሚገናኘው የመሬት (ግራውንድ) ሽቦው ነው። ድምፅ እያሰማ ካልተንቀሳቀሰ ፈሳሹ ጎድሏል ወይም አየር ገብቷል፤ ቱቦዎቹን ዳስሱ። አንዱ ጎን ወደ ኋላ ከቀረ የዚያን ጎን ሲሊንደር ተጠራጠሩ። ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ይሁን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሳታረጋግጡ አትጨምሩ፤ ሲደባለቁ ጎሚኒውን ያበላሹታል።

ሸራው ቢቀደድ አያስጨንቅም፤ አዲስ ይገኛል። የሚያስጨንቀው የሚተጣጠፈው የብረት ክፈፍ ከሌለ ነው። የኋላ የጎን መስታወቶችም ከነማንሻቸው የኮንቨርቲብል ብቻ ናቸው። ከባለ ጣሪያው አውጥታችሁ አትገጥሙም።

ሞተሩ አይዞርም

ለረጅም ጊዜ ቆሞ የፒስተኑ ፋሻ ከሲሊንደሩ ጋር ዝጎ ተጣብቆ ይሆናል። በሞተሪኖ አታስገድዱት። ካንዴላዎቹን አውጡ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጨምሩ፣ ለጥቂት ቀናት ተዉት፣ ከዚያ በቁልፍ በእጅ ቀስ ብላችሁ ሞክሩ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ ሞተሩ መፈታት አለበት። «ታድሷል» የተባለ ሞተር ደረሰኝ ከሌለው እንዳልታደሰ ቁጠሩት።

ሦስት ካርቡሬተር የተደረደረበት የ1967 ሞዴል ካያችሁ ደግሞ በኋላ የተገጠመ ነው። ፋብሪካው ያንን በ1966 አቁሟል።

እውነት ጂቲኦ ነው?

ለማንስ የተባሉ ብዙ ሌሎች የፖንቲያክ መኪኖች የጂቲኦ ምልክት ተለጥፎባቸው ጂቲኦ ተብለው ይሸጣሉ። መለያ ቁጥሩ በሾፌሩ በር ማጠፊያ በኩል ባለው ምሰሶ ላይ ነው። የ1967 ጂቲኦ ኮንቨርቲብል ቁጥር በ24267 ይጀምራል። በ23767 ከጀመረ ለማንስ ነው። ቀጥሎ የዓመቱ 7 ይመጣል፣ ከዚያ የፋብሪካው ፊደል። ፒ ከሆነ ሚሺጋን፣ ፖንቲያክ ከተማ ነው፤ ቢ ከሆነ ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት ሜሪላንድ፣ ባልቲሞር። ፖንቲያክ ሂስቶሪክ ሰርቪስስ የተባለ ድርጅት የፋብሪካውን መዝገብ ቅጂ በክፍያ ይሰጣል፤ ከመግዛታችሁ በፊት አስወጡት።

ቁጥሩ ከታይትሉ (ከባለቤትነት ወረቀቱ) ጋር ካልገጠመ፣ ወይም ታይትሉ «ጠፍቷል» ከተባላችሁ፣ የግዛታችሁን የመኪና ምዝገባ ቢሮ ሳትጠይቁ ቀብድ እንኳ አትክፈሉ።

ዕቃው በካርቶን ነው

ሁሉንም መሬት ላይ አስዘርግፉ። እያንዳንዱን ከዝርዝር ጋር አመሳክሩ፣ ፎቶ አንሱ። የጎደለውን ዋጋ ደምራችሁ ሻጩ ከጠየቀው ሒሳብ ላይ ቀንሱ። ሻጩ ካርቶኖቹን ለመክፈት ካልፈለገ የጎደለው ብዙ ነው ብላችሁ ተደራደሩ።